ስለ አንበሳው ተከራክረን ጣሳውን ረሳነው



ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ የሁለት ዓመት ሴት ልጁ ክፍል ግድግዳ ላይ ስዕል ሊስል አስቦ ንድፉን በስልክ ላከልን። ቢጫ ፀሐይ፣ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ሥር የተኛ አንበሳ። ከዒሻ በኋላ የጀመርነው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ገሚሳችን «አንበሳው ይውጣ» አልን፤ ገሚሳችን «ለልጅ ነው እኮ» አልን። የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ተነሱ፣ የመጋረጃው ሐዲስም ተነሳ። በመጨረሻ ባለጉዳዩ ራሱ ገላገለን። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስዕል መሳል ሥራው የሆነን ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል መምከራቸውን አስታውሶ አንበሳውን በዋርካ ተካው። በዚህ ተስማማን። ሐረር ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ነደባው ቀይ ተቀብቶ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ደምቆ፣ አንድም እንስሳ ሳይሳልበት ቤቱ ያምራል።

በዚያ ሁሉ ሰዓት ግን ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም።

ጣሳውን ያየነው በማግስቱ ልናግዘው ስንሄድ ነው። ደማቅ ቢጫ ዘይት ቀለም፣ ከጎኑ በፕላስቲክ ጠርሙስ አኳራጅ። ባለሱቁ «ይሄ አይለቅም፣ ልጅ ብታቆሽሸውም በጨርቅ ይጸዳል» ብሎ ነው የሸጠለት። ባለሱቁ አልዋሸም።

ነገር ግን ዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫው፣ በብርቱካናማውና በቀዩ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። ቀለሙን ስለሚያደምቀው፣ ቶሎ እንዲደርቅ ስለሚያደርገውና ዕድሜውን ስለሚያረዝመው ነው የሚጨመረው። (የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም። የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ በስም ነው የተመሳሰሉት።) ቀለሙ ሲያረጅ ይላጣል፣ አቧራም ይሆናል። ልጅ ደግሞ ግድግዳውን ትነካለች፣ የተላጠውን በጥፍሯ ትፈለቅቃለች፣ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ሰው 4 እና 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠንም የለም። የሚጎዳው አእምሮን ነው። ልጁ ትኩረት ያጣል፣ ትምህርት ይከብደዋል፣ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት ስለሌለው ወላጅ «ልጄ ሰነፍ ነው» እያለ ይኖራል።

ብዙዎቻችን ቀለምን የምንፈትነው በሽታው ነው። «ሁለት ሌሊት መስኮት ከፍተን እንተወው፣ ሽታው ይጠፋል» እንላለን። የሚጠፋው የአኳራጁ ሽታ ነው። እርሳስ ሽታ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

አገራችን በዚህ ላይ ሕግ አላት። በ2018 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህን ይዘን ወደ ሱቁ ተመለስን። «ጋሼ፣ ይሄ ቀለም እርሳስ አለው?» ስንለው ሳቀና «እርሳስ ስቴሽነሪ ቤት ጠይቁ» አለን። አልተቀየምነውም። ስንት ዓመት ሲሸጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኛ ስለ ብስኩቱ ጀላቲን መለያውን አገላብጠን የምናነብ ሰዎች፣ ልጃችን አጠገቡ ተኝታ የምታድርበትን ነገር መለያ አንብበን አናውቅም።

ስለዚህ ለልጅ ክፍል በውሃ የሚቀጠነውን ቀለም ግዙ። ጣሳው ላይ የእርሳስ መጠኑ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። አምራቹ የማይታወቅ ወይም ከሌላ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ ቀለም ከሆነ፣ ረክሶም ቢሆን፣ እለፉት። «ውድ ነው» የሚል መልስ እንጠብቃለን። ለዐቂቃው ድንኳንና ፊኛ ስንት እንዳወጣን ግን እናስታውስ።

የተከራያችሁት ቤት አሮጌ ከሆነ አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ አቧራው ነው የሚጎዳው። ያልተላጠ ከሆነ በላዩ መቀባት ይሻላል። የተላጠውን አርጥባችሁ ፋቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ፤ እስኪያልቅ ልጆችና ነፍሰ ጡር እናት ከቤቱ ይራቁ። በቀለም ቅብ የምትተዳደሩ ወንድሞችም አላችሁ። የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ልጆቻችሁን አትቀፉ፤ ሳትታጠቡም አትብሉ።

ወንድማችን በውሃ የሚቀጠን ቀለም ገዝቶ ዋርካውን ጀምሯል፤ ግንዱ ትንሽ ተጣሟል። ቢጫውን ጣሳ ባለሱቁ «ተከፍቷል» ብሎ አልመለሰለትም፤ በረንዳ ላይ ክዳኑ ተጠብቆ ተቀምጧል። አከራዩ አይተውት ለብረት አጥሩ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። የግቢው ልጆች የሚጫወቱት እዚያው አጥሩ ሥር ነውና እስካሁን መልስ አልሰጣቸውም።