የፕላስቲክ ጥሩር ቀልድ አይደለም

«ጦርነት በጠገበ ከተማ ደግሞ የጦር ልብስ ጨዋታ?» የሚል አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ምን እንዳየች እናውቃለን። የምሟገተውም ስለዚሁ ነው።

የፊልም ጥሩር ጥይት አይመልስም፤ ማንንም አይገድልም። የሚጠይቀው ልኬትና ትዕግሥት ነው። ደረትና ትከሻ ይለካል፤ ልኩ መጀመሪያ በካርቶን ይቆረጣል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ይሞቃል። ፒቪሲ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልስና በቅርጽ ይታጠፋል። ክርንና ጉልበት ላይ ክፍተት ካልተተወ ለባሹ መራመድ ቀርቶ መቀመጥም አይችልም። በይፋት ቆላ ሙቀት ደግሞ አየር ማስገቢያ የሌለው ጥሩር ሰውን ይቀቅላል። ፒቪሲን ማቃጠል ግን ክልክል ይሁን፤ የሚለቀው ሃይድሮጂን ክሎራይድ ሳንባ ይጎዳል።

ይህ «የልጅ ጨዋታ» ነው? ሩት ካርተር በ«ብላክ ፓንተር» አልባሳት እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ወስዳለች። የንግሥቲቱ አክሊል ከዙሉ ሴቶች ባርኔጣ ተነሥቶ በስሪዲ ማተሚያ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድስ? በአማርኛ የተሠራውን ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም «ክራምብስ»ን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ስፔናዊ ዳይሬክተር ነው። ተዋንያኑ የእኛ፣ ምድሩ የእኛ፣ ሕልሙ የሰው!

ይፋት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋ ሱልጣኔት አገር ነው። የጋሻና የጥሩር ታሪክ ለዚህ ምድር ከውጭ አይመጣለትም።

እናም የሙያ ማሠልጠኛዎች አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሙቀት መሣሪያና ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ይስጡ። ወላጆችም አትቆጡ። ልጃችሁ የእውነቱን ጥሩር ከሚለብስ የፕላስቲኩን ይልበስ።