በሩ ሳይታከም ስፒከር አይቀየር

የመኪናችን ሙዚቃ አላረካን ሲል መጀመሪያ የሚታየን ስፒከሩን መቀየር ነው። ያ ካልበቃ አምፕሊፋየር ይጨመራል፤ ያም ካልበቃ ከኋላ ትልቅ ሰብዉፈር ይጫናል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ በመጨረሻ የሚገኘው ድምፅ ይጮሃል እንጂ አይጠራም። ከወዳጆቼ ጋር ስከራከርበት የኖርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው፦ የመኪና ስፒከር ሳጥኑ በሩ ነው። በሩ ካልታከመ ውዱም ርካሹም ስፒከር ያንኑ ላሜራ ነው የሚያንቀጠቅጠው።

የቤት ስፒከር ያለው ሰው ሳጥኑን ልብ ብሎ ይየው። ከወፍራም እንጨት ተሠርቶ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተደፍኖ ነው የሚሸጠው። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ያሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ድምፆች ተቃራኒ ናቸው፤ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ቀጭን ድምፅ ላይ ጉዳቱ ያን ያህል አይሰማም። ወፍራሙ ላይ ግን ከባድ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በቅርብ ቀዳዳ ዞሮ የሚመጣው የኋላ ድምፅ ከፊቱ ጋር ገና ተቃራኒ እንደሆነ ይገናኛል፤ ይበላዋልም። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ የጠፋብን ስፒከሩ ማውጣት አቅቶት ላይሆን ይችላል። አውጥቶት እዚያው በሩ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።

ይህን ለማመን የአንድ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የፊት በር ፓኔል ነቅሎ ማየት ይበቃል። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ከዚያ ክሊፖቹ ጧ ጧ እያሉ ይለቃሉ። ከሥር የሚወጣው በጥቁር ማስቲሽ ዙሪያውን የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ነው። ብዙ እጅ ያየ መኪና ከሆነ ላስቲኩ ተቀዶ ወይም ጭራሹን ተጥሎ ይገኛል። ከላስቲኩ ጀርባ ክንድ የሚያስገቡ ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ የመስታወቱ ማንሻ የሚገባውም የሚጠገነውም በእነሱ ነው። በቀዳዳው አሻግሮ የውጭው ላሜራ ጀርባ ይታያል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። በጣት አንጓ መሃሉን መታ ሲያደርጉት ጓ ብሎ ድምፁ ይቆያል። ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚዘፍነው ይኸው ነው። ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የሚንጫጫውም ከሞላ ጎደል እሱ ነው።

መድኃኒቱ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በአንድ በኩል የሚያጣብቅ ቡታይል የሚባል ጎማ መሰል ነገር፣ በላዩ የአሉሚኒየም ፎይል ያለው ሉህ ነው፤ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍረው የተለመደ ነው። ብዙ ሰው በአንደኛው አምራች ስም ዳይናማት ይለዋል። ላሜራው ሲርገበገብ ቡታይሉ በላሜራውና በፎይሉ መካከል እየተሳበ ጉልበቱን ወደ ጥቂት ሙቀት ይለውጠዋል፤ የሚጮህ ደወል ላይ መዳፍ እንደማሳረፍ ነው። እንግዲህ ፎይሉ ጌጥ አይደለም፣ ሥራው ላይ አለበት። ፎይሉ ቀጭን ሆኖ በጥፍር የሚቀደድ ከሆነ ሉሁም ያን ያህል አይሠራም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ዋጋው ረከሰ ተብሎ የጣሪያ ውሃ መከላከያ የሆነውን የሬንጅ ሉህ በር ውስጥ መለጠፍ አይገባም። መልኩ ይመሳሰላል፤ ፎይልም አለው። ነገር ግን ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በር ውስጥ ያለውን ሙቀት ማሰብ ነው። ሉሁ ይንሸራተታል፣ ከሥር ይከማቻል፣ ሽታው ደግሞ ሕፃን ተሳፍሮበት በሚሄድ መኪና ውስጥ ይገባል። ለጥቂት ብር ቁጠባ ይህ ሁሉ አይገባም።

በሌላ በኩል ደግሞ ከልክ በላይ መሸጥ አለ። አንድ ወጣት ባለሙያ «ጋሼ፣ ሙሉውን ካላለበስነው ዋጋ የለውም» ብሎኝ ያውቃል። አክብሬ ተከራከርኩት። የላሜራውን መርገብገብ ለመግታት ከገጹ ሩቡን ያህል፣ ያውም መሃል መሃሉን፣ በደንብ መለጠፍ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። አንድ ቁራጭ መሃሉ ላይ ለጥፎ እንደገና እንዲያንኳኳ ለመንኩት። ጓ ይል የነበረው ላሜራ ዱብ ብሎ ቆመ። ልጁ ብልህ ነበር፤ ቀሪውን ሉህ ለሌላው በር አስቀመጠው። ሁለት ሚሊሜትር የሆነው ሉህ በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ያለ ልክ የተለበደ በር ለማጠፊያውም ሸክም ነው። የመንገድና የነፋስ ድምፅ እንዳይገባ ለማድረግ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ ከባድ ምንጣፍ መሰል መከለያና ስፖንጅ ይፈልጋል። የሚሸጠው ሰው ይህን ልዩነት ለደንበኛው ሊነግረው ይገባል።

ቀጥሎ የውስጠኛው ገጽ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ለእኔ ጆሮ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ የፊቱንና የኋላውን ድምፅ የሚለያየው እሱ ነውና። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ላይ ሉሁ ብቻውን ከተለጠፈ እንደ ከበሮ ቆዳ ስለሚርገበገብ ከሥሩ ጠንካራ ስስ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ይደረጋል። ላሜራው አስቀድሞ በአልኮል ተጠርጎ አቧራና ቅባቱ መልቀቅ አለበት፤ ሉሁም በትንሽ ሮለር በኃይል ይዳመጣል። ጓንት ያስፈልጋል፤ የፎይሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግጭት ሲደርስ በበሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር በሩ ውስጥ አላቸው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የመኪናውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ምንም ቀዳዳ አይነካም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ለሙዚቃው። በገናን ልጥቀስ። አሥር አውታሮቹ ከበርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚነዝረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ደርዳሪው ቆዳውን በጥንቃቄ እያስተካከለ ያንን ንዝረት ይፈልገዋል። ያልታከመ በር ውስጥ የዓለሙ አጋን በገና የሚሰማ ሰው የትኛው ንዝረት ከበገናው፣ የትኛው ከላሜራው እንደመጣ አይለይም። የሊቁ የእጅ ሥራ በአንድ የላላ ክሊፕ ይበላሻል። ይህ ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ አሁን የበለጠ የሚያሳስብበት ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ነው። የሞተር ድምፅ ሲጠፋ እሱ ይሸፍነው የነበረው ሁሉ ጎልቶ ይሰማል፤ የጎማው እሮሮ፣ የፓኔሉ ጩኸት፣ የበሩ ገመድ ላሜራ ሲመታ። እነዚህን መኪኖች የሚያስመጡም የሚያስጌጡም ነጋዴዎች የበር ሕክምናን ከስፒከር ሽያጭ ፊት ቢያስቀድሙት ደንበኛቸው ያመሰግናቸዋል።

ለሚያሠራ ሰው ሁለት ፍተሻ አደራ እላለሁ። ፓኔሉ ከመመለሱ በፊት መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ ይውጣ፤ ሉህ ወይም ገመድ ከነካው ያኔ ይታወቃል። ከዚያ መስታወቱ ተዘግቶ በውጭ በኩል አንድ ጆግ ውሃ ይፍሰስበት። በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባው ውሃ በበሩ ሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት፤ ክረምቱን ሙሉ በሩን ከዝገት የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ውሃው ከሥር ካልወጣ ባለሙያው ሉሁን ከዚያ አንስቶ ይክፈታቸው፤ እስኪወጣ ድረስ ፓኔሉ አይመለስ።