መድኃኒት ምርመራን ሲቀድም

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ክረምቱ ሲበረታ ሳልና ጉንፋን የማይገባበት ቤት የለም። ከዚህ ሕመም የሚበዛው የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ፥ አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት አንዳች አይፈይድለትም። ሆኖም ተመላላሹ በሽተኛ አሞክሲሲሊን ሳይዝ ቢመለስ እንዳልታከመ ይቆጥረዋል።

ለዚህ ነገር ሕዝቡን ባለማወቅ መውቀስ ተለምዷል። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ግን ርቀትም ትልቅ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ከሰሜን ተራሮች መንደር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር የወረደ ገበሬ፥ «ካልተሻለህ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለስ» ቢባል በምን ስንቅ ይመለሳል? ባክቴሪያ አብቅሎ መለየትም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ «ለማንኛውም ይውሰደው» ተብሎ ይጻፍለታል። እንዲህ ያደረገውን ሐኪም ሰነፍ ለማለት ይከብዳል።

የከተማው ሰው ግን በርቀት ሊያመካኝ አይችልም። በ2010 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት፥ የታመመ ልጅ ያላቸው መስለው ወደ ጎንደር መድኃኒት ቤቶች የተላኩ ሰዎች ተቅማጥና ጉንፋን ነው ሲሉ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ የሸጡላቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1938 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፥ መድኃኒቱን ከመጠን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ተሕዋስያኑን መቋቋም እንደሚያስተምራቸው አስጠንቅቆ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል።

ታዲያ መድኃኒቱ ይከልከል ማለት ነውን? አይደለም። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አሞክሲሲሊን ቢያጣ ሊሞት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ዘዴም ቀላል ነው፤ ይኸውም አተነፋፈስን መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው ሕፃን በደቂቃ 50፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያም በላይ ከተነፈሰ ምች ያሰጋዋል። ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለበት ተራ ጉንፋን ከሆነ ግን ያለ አንቲባዮቲክ ተሰናብቶ፥ ካልተሻለው በ5 ቀን ይታያል።

ይህን ሥራ በመንደሩ ያለው ጤና ኬላ ሊሠራው ይችላል፤ ለበሽተኛውም መመላለሱ አይከብደውም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እየላከ ያሠለጥን የነበረው በዚሁ አሳብ ነበር። የወረዳን በጀት የምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንት እንግዲህ ኬላው ሠራተኛ፥ ሰዓትና አሞክሲሲሊን ያለው መሆኑን ብትጠይቁ ምን ይመስላችኋል? ኬላው ባዶ ከሆነ ገበሬው ልጁን አዝሎ ወደ ከተማ መውረዱ አይቀርም፤ ሐኪሙም «ለማንኛውም» ብሎ መጻፉን ይቀጥላል።