አዲሷ መኪና እና የአሰላ ዳገት

አዲስ መኪና ግቢ በገባ ሰሞን የቤቱ ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ «ይህ ድምፅ ትናንት አልነበረም» ይላል፤ ሌላው ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን ቢጫ መብራት በስልኩ ያነሳል። አይፈረድባቸውም። የዓመታት ቁጠባ፣ አንዳንዴም የእህት የወንድም ብድር የተጨመረበት ንብረት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ከድምፁ በኋላ የሚመጣው «የማውቀው ልጅ አለ፣ ከፍቶ ይየው» የሚለው ምክር ነው። መኪናው ያለ ሻጩ እውቅና ከተከፈተ ዋስትናው ሊያከራክር ይችላል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ሰው የሚገድል ኃይል ይሸከማሉ። ስለዚህ የዚህ ወር ጽሑፌ፣ በተለይ ለአሰላና ለአካባቢዋ ሰዎች፣ ብልሽት ስለሚመስሉ ነገር ግን ብልሽት ስላልሆኑ ነገሮች ነው።

የቤንዚን የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረበት ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ፣ አዲስ መኪና ስንል አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማለታችን ነው። አርሲ ውስጥ ግን በካዱ ዘመን ትራክተር የነዱ አባት ያሉበት ቤት ብዙ ነውና፣ «አዲስ ሞተር ቀስ ብሎ ይለማመድ» የሚለው ምክር አሁንም ይሰማል። ለቤንዚን ሞተር ምክሩ ልክ ነው፤ ሞተር አሳድሳችሁ ከሆነም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር ነዳጁን እስከ ጥግ አለመርገጥ፣ ለረጅም ሰዓት በአንድ ፍጥነት አለመንዳት፣ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያንገዳገዱ አለመጎተት ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚያው ያጣል። «አዲስ ሆና ዳገት አልወጣ አለች» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲህ ያለ ልምምድ አያስፈልገውም፣ ስስ አየርም አያዳክመውም። አዲስ ጎማና አዲስ የፍሬን ሸራ ግን በደንብ መያዝ የሚጀምሩት ትንሽ ከሠሩ በኋላ ነውና፣ የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ንዱ። ከዚያ የቀረው ልምምድ የነጂው ነው።

አሰላ ያሉት አጎቴ መኪናዋን በገዙ በሁለተኛው ሳምንት ከኢተያ ደወሉልኝ። የምሠራው ማርኬቲንግ ቢሆንም የመኪናዋን መመሪያ ቁጭ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ፍሬኑ ላልቷል። ትናንት እግሬን ሳነሳ ትይዝ ነበር፤ ዛሬ ዝም ብላ ትንደረደራለች» አሉኝ። ልጆቹም ከኋላ ተቀምጠዋል። «ፔዳሉን ሲረግጡትስ?» አልኳቸው። «እሱማ ይይዛል።» ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድራ 100 በመቶ ሞልታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እግራችሁን ስታነሱ የምትይዘው ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ የቁልቁለቱን ጉልበት ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ የለውም፤ መኪናዋም መያዟን ትቀንሳለች። ከአሰላ ወደ አዳማ ደግሞ መንገዱ 800 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከኢተያ እስከ ዴራ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ አዳማ የምትወርዱ ከሆነ ቻርጁን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሙት፤ ቁልቁለቱ ራሱ ጥቂት ይጨምርላችኋል። ፔዳሉ ራሱ ከላላ ወይም እስከ ወለል ከሰመጠ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንድ ሜትር እንኳ አትንዱ፣ አስጎትቱ።

ሲመለሱስ? 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪናን 800 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በዚያው መንገድ ስትወጡ የሚያልቀው ቻርጅ ስትወርዱ ከሚያልቀው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ባትሪው አልሞተም። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት «በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር» ደግሞ፣ ከሙያዬ ተነስቼ ልንገራችሁ፣ ከነበሩት ቁጥሮች ሁሉ የሚያምረው ተመርጦ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል።

ውርጩ ሌላም ይሠራል። ሙቀት በአምስትና በስድስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማ አየር 1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚወርድ የጎማዋ መብራት ጠዋት ትበራና ረፋዱ ላይ ትጠፋለች። ጎሚስታው በዓይን ገምቶ ከመሙላቱ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩና በነጂው በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ክረምት ላይ ጠዋት የሚሰማው የፍሬን መንጫጫት ሌሊት የያዘው ዝገት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስትይዙ ይለቃል።

የቤቱን ሶኬት ግን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቻርጀር ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቤቱ የመሬት ሽቦ የሌለው መሆኑ ነው፤ ቻርጀሩ ትክክል ነው። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር በኤሌክትሪሺያን አስዘርጉ፣ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው አጥፉ።

አንድ ማለዳ ስክሪኑ ጨልሞ በሩም አልከፈት ካለ፣ ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወድቃ ሊሆን ይችላል። አዲስ መኪና በመርከብና በመጋዘን ወራት ስለሚቆም ይህ ያጋጥማል። በሩ ቁልፉ ውስጥ በተሸሸገችው ትንሽ ብረት ቁልፍ ይከፈታል፤ ትንሿንም ባትሪ መመሪያው በሚያሳየው ቦታ እንደማንኛውም መኪና ከሌላ ባትሪ ማስነሳት ይቻላል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከወደቀች ግን ሻጩ በዋስትናው እንዲቀይራት ቀኑን ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።