በሽማግሌው እርምጃ ልክ

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ዋይት ሳንድስ በተባለው የሚሳይል መሞከሪያ በረሃ፣ በየዓመቱ በመጋቢት ገና ሳይነጋ ሺዎች ለመታሰቢያ ጉዞ ይሰለፋሉ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የባታን ዘማቾች ስም ይጠራል። በሕይወት ያለ ሰው ከተገኘ «አቤት» ይላል፤ የሞተው ሲጠራ ግን የሚመልስ የለም። ከዚያ በኋላ 42 ኪሎ ሜትር አሸዋና ዳገት ነው። ወደ 16 ኪሎ የሚመዝን ሸክም አዝለው የሚሄዱም ብዙዎች ናቸው።

የሚታሰበው ነገር የሆነው ከዚህ በረሃ እጅግ ርቆ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1942፣ በፊሊፒንስ ባታን ስንቅና መድኃኒት ያለቀበት የአሜሪካና የፊሊፒንስ ሠራዊት ለጃፓን እጁን ሰጠ። ወደ 75,000 የሚጠጉ ምርኮኞች፣ አብዛኞቹ ፊሊፒኖች፣ በጠራራ ፀሐይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ። ውኃ ፍለጋ ከሰልፉ የወጣ በሳንጃ ተወጋ፤ የደከመ እዚያው ቀረ። በመንገዱ ሺዎች አለቁ። ኒው ሜክሲኮ 1,800 ያህል ልጆቿን ልካ የተመለሱላት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ዕጩ መኮንኖች የመታሰቢያውን ጉዞ የጀመሩት ይህንን ሐዘን ይዘው ነው።

ከሞት ከተረፉት አንዱ ቤን ስካርደን ነበር። ባታን ላይ የሚያዘው የፊሊፒኖ ወታደሮችን ነው። በምርኮኞች ካምፕ ወባና ተቅማጥ ሲጥለው ሁለት የኮሌጅ ጓደኞቹ፣ ሄንሪ ላይትነርና ኦቲስ ሞርጋን፣ በማንኪያ እያጎረሱ አቆዩት። ከጠባቂዎች የደበቀውን የምረቃ የወርቅ ቀለበት ወስደው በአንዲት ጣሳ ሥጋና በአንዲት ዶሮ ለወጡለት። ሁለቱም አገራቸውን ሳያዩ ሞቱ። ስካርደን ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ እየመጣ እስከ 14 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄድ ጀመር። የሚሄደውም ለእነዚያ ሁለት ጓደኞቹ ነበር።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ቁም ነገር እሱን ተከትለው የሄዱት ናቸው። ልጅ እግር ወታደሮችና ተማሪዎች ሮጠው መቅደም ሲችሉ በሽማግሌው እርምጃ ልክ ያዘግሙ ነበር። ሲቆም ይቆማሉ፤ ሲያወራ ያደምጣሉ። የአበባ ጉንጉን አኑሮ በአሥር ደቂቃ የሚመለስ ባለሥልጣን ይህንን አያገኝም፤ ጦርነትን ከመጽሐፍ ብቻ የሚማር ልጅም አያገኘውም። ስካርደን እ.ኤ.አ. በ2021 በ104 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ከጎኑ ያልተከፈለ ዕዳ ነበረበት። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ሕግ፣ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር የተዋጉ ፊሊፒኖች ለዘማች የሚገባውን አብዛኛውን መብት ተነጠቁ። የአንድ ጊዜ ክፍያ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ዜጋ ለሆነ 15,000 ዶላር፣ ላልሆነ 9,000። ያን ጊዜ አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል። በመንገዱ ላይ አብዝተው የወደቁት እነሱ ስለነበሩ፣ በዋይት ሳንድስ የሚሰለፍ ሁሉ ይህንንም ሊያውቅ ይገባል።

የእግር መታሰቢያ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነስተው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው አቆራርጠው ለየካቲት 23 ዓድዋ የደረሱ ወጣቶች አሉ። እነሱ ግን ከዓድዋ ዘማች ጋር እኩል ሊራመዱ አይችሉም፤ ጊዜው አልፏል። ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ገና አላለፈም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ሆነው ኮሪያ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ዛሬ የቀሩት ጥቂት አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ዘጠናን የዘለለ ነው።

ለእነሱ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ካለው መታሰቢያቸው ደጃፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ክንድ የሚደግፍ አንድ ተማሪ፣ ወንበርና ውኃ የሚይዝ ሌላ ተማሪ፣ ለአንድ ጠዋት የሚዘጋ መንገድ። ጡረታቸውና ሕክምናቸው እንዴት እንደሆነም እዚያው እየሄዱ ይጠየቁ፤ የተናገሩትም ተጽፎ ለሚመለከተው ቢሮ ይድረስ። ይህ ደግሞ ለከርሞ የሚባል አይደለም።