«ድንግል ደን» የሚሉን ሰዎች

አንድ ቃል ከጽሑፎቻችን እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። ቃሉ «ድንግል» ነው። ከጸሎት መጽሐፍ ይውጣ አላልኩም፤ እዚያ ክብሩ እንደ ተጠበቀ ይኑር። የምለው ከጉዞ ማስታወሻና ከተፈጥሮ ግጥም ነው፤ በተለይም አማዞን ደርሰው፣ በኢኮ ሎጅ ሦስት ሌሊት አድረው፣ የበቀቀን ፎቶግራፍ አንሥተው የተመለሱ ሰዎች ከሚጽፉት። «ድንግል ደን»፣ «የሰው እጅ ያልነካው ምድር»፣ «ከፍጥረት ቀን ጀምሮ ያልተሰበረ ጸጥታ»። ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ በፈረንጆቹ ዘንድ አርጅቷል፤ አሁን አሁን ግን በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች የዕረፍት ጊዜያችንን ስንተርክ ያው ቃል በአማርኛ ለብሶ እየመጣ ነው። እኔም ከዋሽንግተን ተነሥቼ እዚያ ሄጃለሁ፤ አድሬያለሁ። ደኑ ድንግል አይደለም። ድንግል ነው ማለት ደግሞ የዋህ ማጋነን ሳይሆን ጉዳት ያለበት ንግግር ነው እላለሁ።

ከስሙ እንጀምር። ስለምናገረው ሎጅ ያለበት የፔሩ ደቡብ ምሥራቅ ክልል ማድሬ ዴ ዲዮስ ይባላል፤ በስፓኒሽ «ወላዲተ አምላክ» ማለት ነው። ከክልሉ ዋና ከተማ ከፖርቶ ማልዶናዶ ተነሥቶ ወደ ታምቦፓታ ወንዝ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ማኅበረሰብ፣ ሎጁም በመሬቱ ላይ የቆመበት ማኅበረሰብ፣ ስሙ ኢንፊየርኖ ነው፤ «ሲኦል»። እንግዲህ በወላዲተ አምላክ አገር የሲኦል ሰዎች የሚያስተናግዱት ማደሪያ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስጦታ እደጁ ተቀምጦለት ሳለ ጸሐፊያችን «ድንግል» ብሎ ያልፋል። ስንፍናውን ከዚህ ላይ ብቻ መገመት ይቻላል።

ሎጁ ፖሳዳ አማዞናስ ይባላል። የመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው ወገን ለደኑ ክፍት ነው። ሰው በአጎበር ውስጥ ተኝቶ የእንቁራሪቱን፣ የፌንጣውንና ስሙን የማያውቀውን ፍጥረት ሁሉ ጫጫታ ሲሰማ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ሆውለር የሚባሉት ጦጣዎች ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው የጦጣ ሳይሆን የሩቅ ማዕበል ይመስላል። በወንዙ ላይ ደግሞ የነዋሪዎቹ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ያልፋሉ፤ ከሞተራቸው ጩኸት የተነሣ «ፔኬ ፔኬ» ነው የሚሏቸው። ያ «ያልተሰበረ ጸጥታ» የተባለው በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ ጽፈው የሚያስረዱን ቢኖሩ ደስ ባለኝ።

የኢንፊየርኖ ማኅበረሰብ የኤሴ ኤሃ ተወላጆች፣ የወንዝ ዳር ገበሬዎችና ከአንዲስ ተራሮች ወርደው የሰፈሩ ሰዎች በአንድነት የሚኖሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ማኅበረሰብ ሬይንፎረስት ኤክስፔዲሽንስ ከተባለ የፔሩ የጉዞ ድርጅት ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ፤ ውሳኔው ግን እኩል ለእኩል። ሎጁ በ1998 ሥራ ጀመረ። እኔ ቀኔን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ነኝና ቁጥር አያስፈራኝም፤ 60 ለ40 የሚለው ለእኔ የተሟላ ዐረፍተ ነገር ነው። «ይህ መሬት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም መደራደር ያውቃል» ይላል። ስለዚያ ሎጅ በተጻፉ የእንግዶች ማስታወሻዎች ውስጥ ስለ ወርቃማ ጀንበር ብዙ አነበብኩ፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገር ግን እምብዛም አላገኘሁም። ለምን? ድንግል መሬት ውል አይፈራረምማ!

በማግስቱ የማኅበረሰቡ ተወላጅ የሆኑ አስጎብኚ በደኑ ውስጥ መሩን። ረዥም የጎማ ጫማ አድርገን በጭቃው ውስጥ ስንሄድ ዐይናችን የሳቸውን ጣት እየተከተለ ከግንድ ወደ ግንድ ይዘል ነበር። ሁሉም ስም አለው። ካስታኛ፣ ሺሪንጋ፣ አጉዋሄ፣ ሺዋዋኮ። የትኛው ለጣሪያ፣ የትኛው ለታንኳ፣ የትኛው ለሆድ ሕመም እንደሚሆን አንድ በአንድ ነገሩን። ካስታኛ ማለት ከሱቅ የብራዚል ለውዝ እያልን የምንገዛው ፍሬ ዛፍ ነው፤ ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። ፍሬዎቹን የያዘው እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ቅል ነው፤ በዝናቡ ወራት ከዛፉ ላይ ራሱ ይወድቃል፤ በሰው አናት ላይ ቢወድቅ ይገድላል። ለቃሚዎቹ በገጀራ ይፈልጡታል። ከሰው ሌላ አጉቲ የሚባል እንደ ጥንቸል ያለ እንስሳ በጥርሱ ቦርቡሮ ይከፍተዋል፤ ከበላው የተረፈውን ይቀብራል፤ የቀበረውን ይረሳል፤ ከተረሳው ዛፍ ይበቅላል። አበባውን የሚያዳቅሉት በደኑ የሚኖሩ ትልልቅ ንቦች ናቸው። ስለዚህ ደኑ ተመንጥሮ ዛፉ ብቻውን በግጦሽ ሜዳ መካከል ከቀረ ፍሬው እየነጠፈ ይሄዳል። ለቃሚው ደኑ እንዲቆም የሚፈልገው የሚኖርበት ስለሆነ ነው፤ እኛ በሦስት ቀን ጉብኝት የያዘንን ፍቅር ከሱ ኑሮ ጋር ማወዳደር ያሳፍራል።

(በነገራችን ላይ፣ ስለ ደን የሚጻፉ የአማርኛ ግጥሞቻችንን ተመልከቷቸው። «ዛፉ»፣ «ቅጠሉ»፣ «አበባው»። የትኛው ዛፍ? ዋርካና ዋንዛን፣ ጽድና ኮሶን ለይተው የሚጠሩ የገበሬ ልጆች ነን፤ ብዕር ስንጨብጥ ስማቸው ይጠፋናል።)

«ሰዎቹ ይኑሩ፤ ደኑ ግን በራሱ የበቀለ ነው» የሚል ይኖራል። ይህም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት፣ የአማዞን ጥንታዊ ሕዝቦች ያላመዷቸውን 85 የዛፍ ዝርያዎች ተከታትሎ፣ ከጥንት ሰፈሮች አቅራቢያ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ካስታኛ ከነዚህ አንዱ ነው። በብዙ ቦታ ከደኑ ሥር ሲቆፈር ቴራ ፕሬታ የሚባል ጥቁር ለም አፈር ይገኛል፤ ከሰል፣ አጥንትና የሸክላ ስባሪ የተቀላቀለበት፣ ሰዎች በትውልድ ብዛት የሠሩት አፈር ነው። በኢኳዶር የኡፓኖ ሸለቆ ደግሞ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የተጀመሩ፣ በቀጥታ መንገዶች የተያያዙ ሰፈሮችና በሺህ የሚቆጠሩ የአፈር መደቦች እንዳሉ በ2024 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆኗል።

ነገሩን ቀድሞ የጻፈውም ሰው ነበር። ከኦሬላና ጋር እ.ኤ.አ. በ1542 ወንዙን እስከ ባሕር የወረደው መነኩሴ ጋስፓር ዴ ካርቫሃል በወንዙ ዳር ተከታታይ ትልልቅ መንደሮች እንዳየ መዝግቧል። ሙሉ ጽሑፉ የታተመው በ1894 ነው፤ ከታተመም በኋላ ብዙዎች ተረት ነው አሉት፤ ከሱ በኋላ የሄዱት የጻፈውን ሕዝብ አላገኙትምና። ያላገኙት ግን ስላልነበረ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣው በሽታና ባሪያ ፈንጋዩ ቀድሟቸው ነበር። ተጓዡ «ያልተነካ» ብሎ የሚያደንቀው ጫካ በብዙ ስፍራ ባለቤቶቹ ያለቁበት የአትክልት ስፍራ ነው። በሬሳ ላይ የበቀለን ሣር «እንዴት ያለ ልምላሜ!» እንደ ማለት ነው።

«ከዓለም ጋር ያልተገናኙ» ስለሚባሉት ሕዝቦችም እንዲሁ ነው። በዚያው በማድሬ ዴ ዲዮስ ማሽኮ ፒሮ የሚባሉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት እንጨት ከሚቆረጥበት ይዞታ አቅራቢያ በወንዝ ዳር ሲታዩ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የጉዞ ጽሑፎች «ከድንጋይ ዘመን የቀሩ» ይሏቸዋል። የማሽኮ ፒሮ አባቶች ግን በ1890ዎቹ የጎማ ነጋዴው ካርሎስ ፊትስካራልድ በላይኛው ማኑ ወንዝ ካደረሰው እልቂት ሸሽተው ወደ ጫካው ጥልቅ እንደ ገቡ ይታመናል። ስደተኞች ናቸው፤ የድንጋይ ዘመን ቅሪቶች አይደሉም። ይኸው ፊትስካራልድ ቬርነር ሄርዞግ በ1982 ባወጣው ፊልም ኦፔራ ወዳድ ሕልመኛ ሆኖ ቀርቧል። ሥነ ጥበብ እንዲህም ያደርጋል።

ቃል ብቻ ነው፤ ምን ጉዳት አለው? ትሉኝ ይሆናል። የብራዚል ወታደራዊ መንግሥት መሪ ጄኔራል ሜዲቺ እ.ኤ.አ. በ1970 የትራንስ አማዞንን አውራ ጎዳና ሲያስጀምሩ መፈክራቸው «ሰው የሌለበትን መሬት፣ መሬት ለሌለው ሰው» የሚል ነበር። ሰው በሌለበት በተባለው መሬት ላይ የአራራና የፓራካና ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፤ መንገዱ በመካከላቸው አለፈ፤ በሽታው ተከተለ። ጄኔራሉና የሎጁ ገጣሚ በምንም ነገር የሚስማሙ አይመስሉም፤ አንዱ ሊመነጥር፣ ሌላው ሊያደንቅ ነው የመጣው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ እዚያ ማንም የለም። ከዚህ በኋላ የቀረው ማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነው፤ ቡልዶዘር ያለው ደግሞ ገጣሚውን መቅደሙ አይቀርም።

እኛም ቃሉን ከደን ጽሑፍ ብቻ አይደለም የምናውቀው። እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ በጋምቤላ ሰፋፊ መሬት ለውጭ ባለሀብቶች በሊዝ ሲሰጥ «ድንግል መሬት» የሚለውን በዜናው ሰምተነዋል። አኙዋኮች እዚያ ያርሱና ያጠምዱ እንደ ነበር ለቃሉ አልታየውም። ቃሉ ሲጀመርም የተፈጠረው እንዳያይ ይመስለኛል።

ወደ ፖርቶ ማልዶናዶ የሚወርድ አውሮፕላን መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው በአረንጓዴው መካከል ቢጫ ኩሬዎች ሊያይ ይችላል። ወርቅ የተቆፈረባቸው ናቸው። ወርቁ በሜርኩሪ ይለያል፤ ሜርኩሪው ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ሰው ይገባል። በዚህ ምክንያት የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ በየካቲት 2019 ደግሞ ላ ፓምፓ ከተባለው ስፍራ ቆፋሪዎችን ለማስወጣት ወታደርና ፖሊስ አዘመተ። ኩሬዎቹን ያየ እንግዳ በማስታወሻው አይጽፋቸውም። ሎጁ ከዛፎቹ አናት በላይ የሚያወጣ ከ30 ሜትር በላይ የሆነ ማማ አለው፤ ከዚያ ላይ ሲታይ ደኑ ማለቂያ የሌለው ባሕር ነው፤ አንድም ሰው፣ አንድም ኩሬ አይታይም። እነዚያ ሁሉ ክፉ ግጥሞች የሚጻፉት ከዚህ ማማ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

የሚበረታብኝ ክርክር አንድ ነው። «ሕልሙን ብታጠፋው እንግዳው ይቀራል፤ እንግዳው ከቀረ 60 በመቶውም ይቀራል» ይሉኛል። መልካም ክርክር ነው፤ የባንክ ሰው ይገባዋል። ነገር ግን ለሕልም የከፈለ እንግዳ ሕልሙን እንዲጠብቁለት ይጠይቃል። ማኅበረሰቡ በሞተር ሲጓዝ፣ በሞባይል ሲነጋገር፣ ልጁን ሊማር ወደ ከተማ ሲልክ «ተበላሹ» ይላል። እውነቱን ዐውቆ የመጣ እንግዳ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ባለቤቱን ሰላም ብሎ ይገባል። በብራዚል የአክሬ ጎማ ለቃሚው ቺኮ ሜንዴስ እስከ ተገደለበት እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ የታገለው ደኑ ከነሰዎቹ እንዲጠበቅ ነበር፤ የለቃሚዎች ጥብቅ ደን የሚባለው ሐሳብም ከዚያ ትግል ወጣ። በኢኳዶርም ናፖ ወንዝ ዳር የአኛንጉ ኪችዋዎች የራሳቸውን ሎጅ በያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያስተዳድራሉ። በዚያው ፓርክ ከመሬት በታች ያለው ነዳጅ እንዳይወጣ የኢኳዶር ሕዝብ በነሐሴ 2023 ድምፅ ሲሰጥ 59 በመቶ ያህሉ «ይቅር» ብሏል። ይህን ሁሉ የሠራው ፖለቲካ ነው፤ ስብሰባ፣ ፊርማ፣ ክርክር፣ አንዳንዴም ደም።

ውበቱን ክዳችሁ ጻፉ አልልም። ትሬስ ቺምባዳስ በተባለው ሐይቅ ላይ ማለዳ የታዩት ግዙፍ ኦተሮች ዓሣ በእጃቸው ይዘው ሲያላምጡ ያሰሙት የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የማኅበረሰቡ ሰዎች እንስሶቹ እንዳይታወኩ ጀልባው በሐይቁ ላይ እስከምን ድረስ እንደሚቀርብ ወስነው ነበር፤ ከወሰኑት ርቀት ላይ ቆመን ነው ያየነው። ያ ርቀት በጽሑፋችን ይግባ እላለሁ፤ ማን እንደ ወሰነውም ይጠቀስ።

ለማንበብ ለሚሻ፣ ስለ ጎማው ዘመን ግፍ የኮሎምቢያው ሆሴ ኤውስታሲዮ ሪቬራ «ላ ቮራሂኔ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1924 አሳትሟል። የያኖማሚው ሻማን ዳቪ ኮፔናዋ ደግሞ በገዛ ቋንቋው ለብሩስ አልበርት እየተናገረ ያስጻፈው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በ2010፣ በእንግሊዝኛ በ2013 ወጥቷል፤ ነጮችን «የሸቀጥ ሕዝብ» እያለ ይጠራቸዋል። ዳጎስ ያለ ነው፤ ከሎጁ የሚሰጠው የጎማ ጫማ ስለሆነ በሻንጣ ውስጥ የጫማውን ቦታ ለሱ መተው ይቻላል።