ክብሯ አንድ፣ ምስክርነቷ ሁለት

ክርስቲያንና ሙስሊም ስለ መቻቻል በሚመክሩበት መድረክ የማርያም ስም ሳይነሳ አይቀርም። «ሁለታችንም እናከብራታለን፤ ስለዚህ በእርሷ አንድ ነን» ይባላል። አባባሉ ቅን ቢሆንም እውነቱን ሙሉ አይነግረንም። ሁለቱ እምነቶች ለድንግሊቱ የሚሰጡት ክብር ከልብ ነው፤ የሚያከብሩበት ምክንያት ግን እርስ በርሱ ይጣረሳል። ለጉርብትናም የሚበጀው ይህን ልዩነት ከነክብደቱ ማወቅ እንጂ ሸፋፍኖ ማለፍ አይደለም።

በቅድሚያ መቀራረቡን እንይ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያምን ታከብራለች። በትውፊቱ መሠረት ኢያቄምና ሐና በስለት ያገኟትን ልጅ በ3 ዓመቷ ለቤተ መቅደስ ሰጧት፤ ካህኑ ዘካርያስ የምግቧ ነገር ቢያስጨንቀው መልአኩ ፋኑኤል ኅብስትና ጽዋ ይዞ ወረደላት። ቁርኣንም በ3ኛው ምዕራፍ የሚተርከው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኢምራን ሚስት በማኅፀኗ ያለውን ለአላህ ትሳላለች፤ የምትወልደው ሴት ልጅ ነው፤ ዘከሪያ አሳዳጊዋ ይሆናል፤ ወደ ሚሕራቧ፣ ማለትም ወደ ጸሎት ክፍሏ፣ በገባ ቁጥርም ከአላህ የተሰጣትን ሲሳይ ያገኛል። ይህ አንቀጽ በብዙ የኦቶማን መስጊዶች የስግደት አቅጣጫ ከሚያሳየው ሚሕራብ በላይ ተጽፎ ይታያል፤ ሰጋጁ ወደ መካ ሲዞር ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የመርየምን ታሪክ ነው። ቁርኣን በስሟ የሚጠራት ብቸኛ ሴት እርሷ ናት፤ 98 አንቀጾች ያሉት 19ኛው ምዕራፍም በስሟ ተሰይሟል።

የድንጋይ ማስረጃም አለ። በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም መካከል፣ እመቤታችን ከመውለዷ በፊት ዐረፈችበት የሚባለውን ዐለት መሐል አድርጎ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ፣ ካቲስማ የተባለ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ፍርስራሹ እ.ኤ.አ. በ1992 መንገድ ሲሠራ ተገኘ። ቁፋሮው ሲቀጥል በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጨመረ ሚሕራብና ፍሬ ያንዠረገገ የተምር ዛፍ የተሣለበት የሞዛይክ ወለል ወጣ። በቁርኣን ትረካ መርየም ምጥ ሲይዛት የተጠጋችው የተምር ግንድ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው «ለምን ትከበራለች?» ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ431 የኤፌሶን ጉባኤ ማርያምን ወላዲተ አምላክ ብሎ ሲያጸና ዋናው ጉዳዩ የልጇ ማንነት ነበር፤ ከእርሷ የተወለደው ሰው የሆነ አምላክ ነው ለማለት ነው። ቁርኣን በበኩሉ ዒሳን (ኢየሱስን) ደጋግሞ የመርየም ልጅ የሚለው አምላክነትን ለመንፈግ ነው፤ 5ኛው ምዕራፍ እናትና ልጅ ምግብ ይበሉ እንደነበር የሚያነሳውም ለዚሁ ነው። ያለ አባት መወለዱ ለክርስቲያኑ የሥጋዌ ምስጢር፣ ለሙስሊሙ ደግሞ አዳምን ያለ አባትና እናት የፈጠረው ጌታ ችሎታ ማሳያ ነው። በአንድ ችሎት ሁለቱም ተከራካሪዎች ያንኑ ምስክር ጠርተዋል ማለት ነው።

አንዳንድ ክርስቲያኖች የቁርኣኑ ታሪክ ከአዋልድ መጻሕፍት የተቀዳ ነው ይላሉ። ሙስሊሙ ራእይ ነው ብሎ ይመልሳል። ተቺው ግን የቤተ መቅደሱ ታሪክ በአራቱ ወንጌላትም እንደሌለ ማስታወስ አለበት፤ በዚህ ሚዛን ከተሄደ በዓታም አይተርፍም። ሌሎች ደግሞ ልዩነትን ማንሳት ጠብ ይጭራል ብለው ይሰጋሉ። ለዚህ መልሱ አክሱም ነው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ የመካ ቁረይሾች መልእክተኞች ወደ አክሱም የተሰደዱትን የመጀመሪያዎቹን ሙስሊሞች ለማስመለስ ሲመጡ፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በንጉሡ በነጃሺ ፊት ከሱረቱ መርየም ቀራ፤ ንጉሡና ጳጳሳቱም አለቀሱ። መልእክተኞቹ ግን በማግስቱ «ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቃቸው» አሉ። ጀዕፈር አልሸሸገም፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የጣለው ቃሉ ነው አለ። ንጉሡ ንግግሩን ቢቀበልም ሹማምንቱ አጉረመረሙ። ያም ሆኖ ከለላው አልተነሳም። በዘገባው መሠረት ስደተኞቹ የዳኑት ልዩነቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ ነው።

ሊባኖስም መጋቢት 25 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ የብሥራትን በዓል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የክርስቲያኖችና የሙስሊሞች የጋራ ብሔራዊ በዓል ስታደርግ ማንንም እምነቱን እንዲያስተካክል አልጠየቀችም። እኛም በየመድረኩ «አንድ ነን» ከማለት ይልቅ፣ ጎረቤታችን ማርያምን ለምን እንደሚያከብር ጠይቀን መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ።